ፊርማዬ የሌለበት 40 ብር

ለጋዜጣው አዘጋጅ

እንደምን ሰነበታችሁ። ባለፈው አንድ አንባቢያችሁ ስለ ማኅበር መዋጮ የጻፉትን አይቼ ነው እኔም ብዕሬን ያነሳሁት፣ ብዕር ስል ስልኬን ነው እንግዲህ፣ ከሥራ ስመለስ ባጃጅ ውስጥ ነው የጀመርኩት፣ የፊደል ስህተት ካለ አርሙልኝ። ሰውየው ማኅበር ሁሉ የደሃ ኪስ መቦርቦሪያ ነው፣ አሜሪካ እንኳን ሳይቀር የድህረ ምረቃ ተማሪ ከዛች ትንሽ ገንዘቡ ላይ ለዩኒየን፣ ለሠራተኛ ማኅበር ማለት ነው፣ ይቆረጥበታል ብለዋል። ግማሹ እውነት ነው። የተዉት ግማሽ ነው እኔን ያንገበገበኝ፣ ምክንያቱም እኔም በየወሩ የሚቆረጥብኝ ሰው ነኝ።

እህቴ ፔዳ፣ ባህር ዳር ዩኒቨርሲቲ ነው ዲግሪዋን የያዘችው፣ አሁን አሜሪካ ፒኤችዲ እየሠራች ነው፣ የትኛው ዩኒቨርሲቲ የሚለው ይቅር። እኛ ጋ ግራጁዌት አሲስታንት ሲባል ዲግሪውን ጨርሶ ዩኒቨርሲቲ የተቀጠረ ጀማሪ መምህር ማለት ነው አይደል፣ እዛ ግን ራሱ ተማሪው ነው፣ እየተማረ ያስተምራል፣ ፈተና ያርማል፣ ላብራቶሪ ውስጥ ያመሻል፣ ለዛ ይከፈለዋል። ታዲያ ይሄ ሰው ተማሪ ነው ሠራተኛ የሚለው ክርክር እዛ ስንት ዓመት ፈጅቷል መሰላችሁ። ዊስኮንሲን ማዲሰን ያሉት ረዳት መምህራን በ1966 ነው ማኅበር ያቋቋሙት (ስለ አሜሪካ የምጠቅሰው ዓመት ሁሉ በእነሱ አቆጣጠር ነው)፣ የግል ዩኒቨርሲቲዎች ላይ ግን በሩ አንዴ ሲከፈት አንዴ ሲዘጋ ቆይቶ በ2016 የሠራተኛ ጉዳይ ቦርዳቸው በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ጉዳይ ላይ ሠራተኞች ናቸው ብሎ ሲወስን ነው እንደገና የተከፈተው።

የእህቴ ማኅበር ደግሞ በስሙ የመኪና ሠራተኞች ማኅበር ነው። ስትነግረኝ በጣም ሳቅሁ። ዩኤደብሊው ይሉታል፣ በ1935 ዲትሮይት የተመሠረተ፣ ፎርድና ጂኤም ፋብሪካ ውስጥ በር የሚገጥሙ ሰዎች ማኅበር፣ አሁን ግን ከአባላቱ ሩብ ያህሉ የዩኒቨርሲቲ ሰው ሆኗል። እሷ ማይክሮስኮፕ ላይ ተደፍታ ነው የምትውለው፣ የማኅበሯ ቲሸርት ላይ ግን አውቶሞቢል የሚል ተጽፎበታል።

ወደ መዋጮው ልምጣ። የደሞዝ ወረቀቷን ስክሪንሾት አድርጋ በቴሌግራም ላከችልኝ። ታክሱ አለ፣ ኢንሹራንሱ አለ፣ ከስር አንድ መስመር ላይ የዩኒየን መዋጮ፣ 43 ዶላር ከ20 ሳንቲም። የወር ክፍያዋ 3,000 ነው፣ መዋጮው 1.44 በመቶ፣ አስሉት። በመቶኛ መሆኑን ልብ በሉ፣ ክፍያ ሲያድግ ያድጋል ሲወርድ ይወርዳል፣ ክረምት ላይ ሥራ ሳይሰጧት ደሞዝ ሳይኖር ሲቀር ደግሞ መዋጮም የለም፣ የዜሮ 1.44 ዜሮ ነው። ይሄ ቁጥር ቀድሞ 1.15 ነበር፣ በ2014 ጉባኤያቸው ላይ ተከራክረው ነው 1.44 ያደረጉት፣ ከ1967 ወዲህ የመጀመሪያው ጭማሪ ነበር፣ ጭማሪውም ለምን እንደሚውል አብሮ ተወስኖ ነው የወጣው፣ ለአድማ ቋት፣ አባላት ሥራ አቁመው አድማ ሲመቱ ለሚከፈላቸው ገንዘብ ማለት ነው። የቀረው እዛው ካምፓሱ ላለው ቅርንጫፍም ለዋናው ማኅበርም እያለ ይከፋፈላል።

አሁን ያ አንባቢ የተዉት ነገር። እህቴ እዛ ስትደርስ ማኅበሩ በድምጽ ተመርጦ ነበር፣ ግን ከዩኒቨርሲቲው ጋር ስለ ደሞዝና ስለ ሥራ ሁኔታ የሚደረገው የኅብረት ስምምነት ገና አልተፈረመም፣ ድርድር ላይ ናቸው። 14 ወር አንዲት ሳንቲም አልተቆረጠባትም። ለምን ብዬ ስጠይቃት ገርሟት "ምን ሠርተውልኝ ነው የምከፍለው?" አለችኝ። ደንባቸው እንደዛ ነው፣ መጀመሪያ ድርድር፣ ከዛ ስምምነቱ ለአባላት ቀርቦ ድምጽ ይሰጥበታል፣ ሲያጸድቁት ብቻ ነው መዋጮ የሚጀምረው። ያውም ፎርሙን ራስህ ሞልተህ ከደሞዜ ይቆረጥ ብለህ ስትፈርም። ኮሎምቢያ ያሉት በ2016 መጨረሻ ላይ ማኅበሩን መርጠው የመጀመሪያ ስምምነታቸውን ያጸደቁት በ2022 መጀመሪያ ነው፣ መሀል ላይ በ2021 የቀረበላቸውን ረቂቅ ራሳቸው አባላቱ ጥለውታል አይበቃንም ብለው። ከአምስት ዓመት በላይ ማለት ነው፣ ሳይከፍሉ። ከዛ ብሶ ደግሞ በዛው ጊዜ አድማ መትተው ከማኅበሩ ቋት የአድማ ገንዘብ ይከፈላቸው ነበር፣ ያን ቋት የሞላው ማን ነው ስትሉ መኪና ሠሪዎቹ ናቸው። እንግዲህ ያቺ ቲሸርት ላይ የሳቅሁትን እዚህ ጋ ነው የተውኩት።

ለአክስቴ ይሄን ስነግራት አላመነችኝም። አክስቴ የሰፈራችን እድር ገንዘብ ያዥ ናት፣ አሥራ ምናምን ዓመት ሆናት፣ አንድ ሉክ ደብተር አላት ጠርዙ በፕላስተር የተለጠፈ፣ በጣና ዳር ወበቅ ላብ ጠጥቶ ያበጠ፣ ግን እያንዳንዱ ሰው ስም ትይዩ ወሩ አለ፣ የከፈለ ራይት የቀረ ዜሮ፣ የዘገየ ቅጣቱ በቀይ። ወር በገባ በመጀመሪያው እሁድ ሰው ሲሰበሰብ ድምጿን ከፍ አድርጋ ታነበዋለች፣ ባንክ ያለው ይሄን ያህል፣ እጄ ላይ ያለው ይሄን ያህል፣ ብርጭቆ ከ200 ሦስት ጎድሏል ወንበር አንድ እግሩ ተሰብሯል፣ የሰበረው እንትና ነው። አንዴ ሦስቱን ብርጭቆ የወሰደው ቤት እንዳለ ተነስቶ ወጥቶ ሲመለስ ብርጭቆዎቹን በፌስታል ይዞ መጣ። እንደዛ ናት።

እና በቪዲዮ ኮል ከእህቴ ጋር አገናኘኋቸው፣ ኔትወርኩ እየተቆራረጠ፣ ሁለት ነገር ላይ ተጣሉ። አንደኛው በመቶኛው ነው። አክስቴ እኩል ያልከፈለ እንዴት እኩል ይናገራል፣ ብዙ የከፈለው ነገ ድንኳኑ የኔ ነው ማለቱ አይቀርም ነው የምትለው። እህቴ ደግሞ የኛ ክፍል ልጅ 3,000 ያገኛል፣ የታሪክ ክፍሏ ልጅ 2,000 ታገኛለች፣ ሁለቱም 40 ዶላር ቢባሉ የሚከብደው ለማን ነው፣ ድምጹ እንደሆነ ለአንድ ሰው አንድ ነው አለች። እኔ እህቴ ጋ ነኝ። አክስቴ ግን አልተዋጠላትም፣ እድር ውስጥ የሹፌርም የዶክተርም እኩል ነው የሚል ነገር አጉተመተመች፣ ያም ራሱ አንድ ክብር አለው አይካድም።

ሁለተኛው ላይ ነው ጉዱ። አሜሪካ ውስጥ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ላይ የምትሠራ ከሆነ አባል ልሁን ካላልክ ማንም አስገድዶ አያስከፍልህም፣ በ2018 ጠቅላይ ፍርድ ቤታቸው ወስኗል። የግል ዩኒቨርሲቲ ላይ ግን እንደ ስቴቱ ሕግና እንደ ስምምነቱ ነው፣ አንዳንዱ ጋ አባል ያልሆነም ለድርድሩ ወጪ ይካፈላል፣ ሙሉ መዋጮውን ሳይሆን ለፖለቲካ ምናምን የሚውለው ተቀንሶለት። ብቻ ከፈለም አልከፈለም ማኅበሩ የተደራደረው ደሞዝ ለሁሉም ነው፣ ቅሬታ ሲኖረውም ማኅበሩ ሊቆምለት ግዴታ አለበት። አክስቴ ይሄኔ ስልኩን ከእጄ ነጠቀችኝ። "ሳይከፍል ድንኳን ይጣልለታል?" ይጣልለታል አለቻት እህቴ። "ታዲያ ማን ይከፍላል?" እህቴ ሳቀች፣ ለዛ ነው'ኮ ቅዳሜና እሁድ ቢሮ ለቢሮ እየዞርን ፈርሙ ፈርሙ የምንለው አለች፣ የምንሠራው ነገር ካልታያቸው አይፈርሙም።

የሚታይ ነገር ስል ካሊፎርኒያን ልጥቀስ። ኖቬምበር 14 ቀን 2022 የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ 48,000 ሠራተኞች አድማ መቱ፣ ቲኤ የሚባሉት ረዳት መምህራን፣ ተመራማሪዎቹ፣ ፒኤችዲ ጨርሰው ምርምር ላይ ያሉት ፖስትዶኮች። እኛ ጋ ህዳር 5 ቀን 2015 መሆኑ ነው። ማኅበሩ በሳምንት 400 ዶላር ይሰጣቸው ነበር፣ ያቺ በየወሩ የምትቆረጠው ነገር እንግዲህ እዚህ ጋ ነው የምትመለሰው። ቲኤዎቹ ስድስት ሳምንት ቆዩ። የቲኤ ዝቅተኛው የዓመት ክፍያ 23,000 ገደማ የነበረው በ2024 መኸር 34,000 እንዲገባ ተስማሙ። የ34,000ው 1.44 በመቶ 490 ዶላር አካባቢ ነው። አንባቢያችሁ የጻፉት 490ውን ብቻ ነው። እርግጥ እዛም የሚያማርር ሞልቷል፣ ስምምነቱ አንሷል ብለው በድምጽ የተቃወሙ ብዙ ነበሩ፣ ቤት ኪራዩ በሙሉ ይበላዋል አሉ። ማጋነን አልፈልግም።

አሁን ወደ ራሴ። የምሠራበትን መሥሪያ ቤት አልጠራም፣ የመንግሥት ነው ይበቃል። የደሞዝ ወረቀቴ ላይ "ማኅበር" የሚል አምድ አለ፣ 40 ብር። ከተቀጠርኩ ስድስት ዓመቴ ነው፣ ከመጀመሪያው ወር ጀምሮ አለ። አልፈረምኩም። ማንም መጥቶ አባል መሆን ትፈልጋለህ ወይ አላለኝም፣ ደንቡን አላየሁም፣ መታወቂያ የለኝም። 2,880 ብር ሆኗል እስካሁን፣ ሀብታም አያደርገኝም ድሃም አያደርገኝም፣ ግን የኔ ነው። በስድስት ዓመት አንዴ ጠቅላላ ጉባኤ ተጠርተን ሄድን፣ ለስላሳና ዳቦ ተሰጠን፣ ንግግር ተደረገ፣ የሂሳብ ሪፖርቱ በጊዜ እጥረት ምክንያት ለሚቀጥለው ተላለፈ ተባለ። የሚቀጥለው የሚባለው እስከ ዛሬ አልመጣም። ሊቀመንበሩን ኮሪደር ላይ አግኝቼ ደረሰኝ ብጠይቀው ትከሻዬን መታ አድርጎ "ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ" አለኝና አለፈ። እሺ ጌታዬ፣ ሎሚዎቹ የት ናቸው ነው'ኮ ያልኩት!

ሕጉን ትንሽ አየሁት። በአሰሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 መሠረት አሠሪ ከሠራተኛ ደሞዝ ላይ የሚቆርጠው በሕግ፣ በኅብረት ስምምነት፣ በሥራ ደንብ ወይም በፍርድ ቤት ትዕዛዝ፣ አለበለዚያ ሠራተኛው በጽሑፍ ሲስማማ ነው፣ ጠቅላላ ተቀናሹም ከደሞዙ ሲሶ መብለጥ የለበትም። ይሄ አዋጅ ግን ለፋብሪካውና ለድርጅቱ ሠራተኛ ነው፣ እኛ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሰዎች የምንተዳደረው በሲቪል ሰርቪስ ሕግ ነው። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 42 ላይ የሥራ ጠባያቸው ለሚፈቅድላቸው የመንግሥት ሠራተኞችም የመደራጀት መብት ሰጥቷል፣ መደራጀት መብት ከሆነ ደግሞ ልደራጅ አልደራጅ የሚለው የኔ ነው ማለት ነው፣ ሕግ አዋቂ አይደለሁም ግን ይሄን ለመረዳት ጠበቃ የሚያስፈልግ አይመስለኝም። የድርጅት ሠራተኛ የሆነ ጓደኛዬ ሲቀጠር ፎርም ሞልቶ ፈርሞ ነው አባል የሆነው፣ ኮፒውም ቤቱ አለ። እኔ የለኝም።

አንድ ነገር ግልጽ ይሁን፣ ከማኅበር ልውጣ እያልኩ አይደለም። አንባቢያችሁ እንዳሉት ማኅበር ይፍረስ የሚል ሰውም አይደለሁም። 40 ብሩ ወደ 100 ቢያድግም ግድ የለኝም፣ በመቶኛም ይሁን፣ ምን እንደተሠራበት አክስቴ ብርጭቆ እንደምትቆጥረው ቆጥሮ የሚነግረኝ ሰው ካለ።

ባለፈው ሐሙስ ፋይናንስ ገባሁ። ልጅቷ ጥሩ ልጅ ናት፣ ጥፋቱ የሷ አይደለም፣ የመጣላትን ሊስት ነው የምትቆርጠው። እስክፈርም ድረስ ተቀናሹ እንዲቆም እፈልጋለሁ፣ የማቆሚያ ፎርሙን ስጪኝ አልኳት። ኮምፒውተሩን አየች፣ መሳቢያውን ከፈተች፣ ዘጋች።

"የማቆሚያ ፎርም የለንም ጋሼ" አለችኝ።

"የመጀመሪያውስ?"

ትንሽ አሰበች። "እሱም የለንም።"

እሁድ አክስቴ ቤት ሄጄ ከዛው ከእድሩ ደብተር ጀርባ አንድ ገጽ ለመንኳት፣ እያጉረመረመች ገነጠለችልኝ፣ ገጹ መጉደሉንም ደብተሩ ላይ ጻፈችው። በእጄ ጻፍኩ፣ የስድስት ዓመቱ ሂሳብ በጉባኤ ሲነበብ እፈርማለሁ፣ እስከዛ ተቀናሹ ይቁም ብዬ። ሰኞ ለልጅቷ ሰጠኋት፣ ማኅተም መታችበትና ኮፒውን መለሰችልኝ። የወሩ ደሞዝ ሲገባ ያ አምድ ላይ ምን እንደተጻፈ አይቼ እጽፍላችኋለሁ።

ስሜ ይቆይ፣ ከሽምብጥ፣ ባህር ዳር