ለአባይ ማዶ ሰዎች፣ ለባጃጅ ሾፌሮችና ደም ለሰጣችሁን ሁሉ

ሰላም የባህርዳር ሰዎች እንዴት ሰነበታችሁ። ወንድሜ እግዜር ይመስገን ከሆስፒታል ወጥቶ መራዊ እናታችን ቤት ገብቷል፣ በክራንች ቢሆንም እየተነሳ ነው፣ ትናንት ደግሞ ወጡ ጨው የለውም ብሎ ተቆጥቷል፣ እናቴ በደስታ እልል ልትል ምንም አልቀራትም። ስልካችሁን ያልያዝንላችሁ ስማችሁን እንኳን ሳንጠይቅ የተለያየናችሁ ሰዎች በጣም ብዙ ናችሁ፣ ቤት ለቤት ዞሬ እንዳላመሰግን አላውቃችሁም፣ ለዛ ነው እዚህ የምጽፈው።

ላልሰማችሁ፣ ወንድሜ አባይ ማዶ ዱቄት ፋብሪካ ነው የሚሰራው። ማታ ከሽፍት ወጥቶ በሳይክሉ ወደ ቤት ሲመጣ ዋናው የጎንደር መንገድ ላይ አይሱዙ መታው። መንገዱን ታውቁታላችሁ መቼም፣ ከአዲስ አበባ በደብረማርቆስ አድርጎ የመጣው መኪና ከተማውን አቋርጦ ወደ ጎንደርና መተማ የሚያልፈው በዛው ነው፣ ግራና ቀኙ ደግሞ ጋራዥ፣ ብሎኬት ማምረቻ፣ ብረታ ብረት ቤት፣ መጋዘን ነው፣ ሲኖትራኩ አሸዋ ጭኖ ይወጣል ተሳቢው ይገባል ባጃጁ በመሀል ይሾልካል፣ ከዛ ሁሉ መሀል ደግሞ የኛ ሰው በሳይክል አለ። ባህርዳር ከድሮም የሳይክል ከተማ ናት፣ ደሞዙ ለባጃጅ የማይበቃው የፋብሪካ ሰራተኛ በምን ይምጣ ታዲያ።

መጀመሪያ የደረሱት የብሎኬት ቤት ልጆች ናቸው። እጃቸው በሲሚንቶ እንደነጣ ሮጠው መጡ፣ ሰው ተሰብስቦ ብብቱን ይዞ ሊያነሳው ሲል አንዱ «እንዳትነኩት እግሩ ተሰብሯል» ብሎ ጮኸ፣ ብሎኬት የሚደረድሩበትን ጣውላ አምጥተው እንደተኛ አንሸራተው አስገቡለትና እግሩን ከጣውላው ጋር አሰሩት። ያሰሩበት ደግሞ መንገድ ዳር ቡና የምታፈላ አንዲት እናት ከትከሻዋ ያወረደችው ጋቢ ነው። በኋላ ዶክተሩ እንደነገረን የጭን አጥንት ሲሰበር እዛው ጭኑ ውስጥ ከ1 ሊትር በላይ ደም ሊፈስ ይችላል፣ ሰው ሙሉ አካሉ ውስጥ ያለው ደም 5 ሊትር ገደማ ነው፣ አጥንቱ እየተንቀሳቀሰ ቢጓዝ ደግሞ የደም ስሩን ሊቆርጠው ይችል ነበር አለ። እኛማ ላዩ ላይ ብዙ ደም ስላላየን ደህና ነው ብለን ነበር። ያ «እንዳትነኩት» ያለው ልጅ ይህን ከየት እንደተማረው አላውቅም፣ የትም ይማረው ብቻ እግዜር እድሜውን ያርዝመው።

አንድ ፒካፕ ቆሞ አይቶ ወንበሩ እንዳይበላሽበት ነው መሰለኝ ትቶን ሄደ፣ እሱን ተዉት። ጣውላው በአንድ ባጃጅ አልገባ ሲል ሾፌሩ የኋላውን ወንበር ነቅሎ መንገድ ዳር ጣለው!! ወንበሩ በኋላ ይገኝ አይገኝ እንኳን አላሰበም። ሌሎች ሁለት ባጃጆች ደግሞ ከፊት ከፊት ጡሩምባ እየነፉ መንገድ አስለቀቁ፣ ሆስፒታል ድረስ አንድ ብር አልተቀበሉም፣ ሂሳብ ስንል «ኧረ በሚካኤል» ብለው ተቆጡን።

ወደ ሆስፒታል የተሻገርነው በአዲሱ የአባይ ድልድይ ስለሆነ ስለ ድልድዩም አንድ ነገር ማለት አለብኝ። አሮጌው የአባይ ድልድይ ከ60 አመት በላይ አገልግሏል ባለውለታችን ነው አልክድም፣ ግን ጠባብነቱን ያየ ያውቀዋል፣ ስራ መግቢያና መውጫ ሰአት ላይ አንድ ተሳቢ ከገባበት ሁሉም ቁጭ ብሎ መጠበቅ ነበር። በግንቦት 2016 የተመረቀው አዲሱ ድልድይ 380 ሜትር ርዝመትና 43 ሜትር ስፋት አለው፣ በአንዴ ስድስት መኪና ጎን ለጎን ያሳልፋል፣ ለሳይክልና ለእግረኛም የራሱ መስመር አለው። ያን ማታ በአሮጌው ቢሆን ኖሮ ማሰብም አልፈልግም። ሲመረቅ ፎቶ የተነሱትን ሁሉም ያውቃቸዋል፣ እኔ የማመሰግነው ብረት ሲያስሩና ኮንክሪት ሲሞሉ የከረሙትን ልጆች ነው፣ ብዙዎቹ ከኛው ገጠር የመጡ የቀን ሰራተኞች ናቸው። ለሳይክል የተሰጠው መስመር ወንድሜ የተመታበት ድረስ ቢመጣ ደግሞ ምን ነበረበት፣ እዛጋ ሳይክሉና አይሱዙው ትከሻ ለትከሻ ነው የሚሄዱት መብራቱም ደብዛዛ ነው፣ የሚመለከታችሁ ካያችሁት አደራ።

ደም ሲባል ደግሞ ሌላ ጭንቅ። ወንድሜ ኦ ኔጌቲቭ ነው፣ ለሁሉም ይሰጣል ሲቀበል ግን ከራሱ አይነት ብቻ ነው፣ እኛ ቤት ደግሞ ከሱ በቀር ማንም የለውም። ጠዋት የሌሊት ሽፍት ሲወጣ ሰራተኞቹ ዱቄት እንደነካቸው ሳይተኙ ሳይበሉ መጡ፣ ነርሷ መጀመሪያ ቁርስ ብሉ ብላ መለሰቻቸው በልተው ተመለሱ። አይነቱ የገጠመው ጥቂት ሰው ነው፣ ያልገጠመው ግን ልሂድ አላለም ለሌላ ወንድም ይሁን ብሎ ሰጠ። አንዷ ልጅ ኪሎሽ 45 አልሞላም ተብላ እያለቀሰች ነው የወጣችው፣ እህቴ ካነበብሽው ያንቺም ደም እንደተሰጠ ነው የምንቆጥረው። ለናንተም ልንገራችሁ ጤነኛ ሰው በየሶስት ወሩ መስጠት ይችላል፣ እኔ ለራሴ ካሁን በኋላ አላቋርጥም።

አሁን የምጽፈው ቤተሰቤን ሊያስቆጣ ይችላል ግን እጽፈዋለሁ። የመታውን ሾፌርም አመሰግናለሁ። ማጥፋቱን አጥፍቷል፣ ፈጥኖ ነበር፣ እሱን ህግ ይየው። ግን ጨለማ ነበር፣ ማምለጥ ይችል ነበር፣ ብዙዎቹ ሰው ይደበድበናል ብለው እንደሚሮጡ እናውቃለን። እሱ ቆመ፣ ጣውላውን አብሮ ተሸከመ፣ ከዛ በራሱ እግር ሄዶ ለፖሊስ እጁን ሰጠ። መኪናው የሶስተኛ ወገን መድን ስለነበረው የህክምናው ወጪ በዛ በኩል እየተጨረሰ ነው። (ገጪው አምልጦ የጠፋባችሁ ካላችሁም ተስፋ አትቁረጡ፣ ለዛ የተቋቋመ የመድን ፈንድ የሚባል አለ፣ የትራፊክ ፖሊስ ማስረጃ ይዛችሁ ጠይቁ፣ ብዙ ሰው ሳያውቅ ይቀርበታል።) ሽማግሌ ልኮ እናቴ ፊት ቆሞ ሲያለቅስ እሷም አለቀሰች፣ ከዛ ጠላ ቀዳችለት፣ እኔ ግን ያኔ አልቻልኩም ነበር ወጥቼ ሄድኩ።

እናቴ በነገራችን ላይ ድሮ አባይ የጎጃምና የበጌምድር ድንበር ስለነበር እስካሁን አባይ ማዶን በጌምድር ነው የምትለው። «ልጄን በጌምድሮች አተረፉልኝ» እያለች ለጎረቤቱ ሁሉ ታወራለች፣ ኧረ ባህርዳር ነው ብንላት አትሰማም።

የሆስፒታሉ ሀኪሞች፣ በተለይ የሌሊት ተረኞቹ፣ የአጥንት ክፍል ነርሶች፣ ወለል የምታጸዳዋ እትዬ እኔን አስተኝታ ወንድሜን የጠበቀችልኝ፣ እንጀራ እያመላለሳችሁ ያስታመማችሁን የሰፈር ሰዎች፣ ለቅሶ የመሰላት አክስቴን መንገድ ላይ ያረጋጋችኋት ሁሉ፣ ውለታችሁን ፈጣሪ ይክፈላችሁ፣ ልጆቻችሁን ክፉ አይንካብን።

እና ጋቢው እኛጋ ነው። ቡና የምታፈላዋን እናት ቦታዋ ድረስ ሄጄ አጣኋት፣ ቦታ ቀይራለች አሉኝ። የት እንደሄደች የምታውቁ በኢንቦክስ ንገሩኝ፣ ጥለቱ አረንጓዴ ነው፣ ደሙ በደንብ ለቋል፣ እናቴ አጥባ አንድ አዲስ ጋቢ ጨምራበታለች፣ ካልተገኘች እኔው ራሴ በጌምድር ወርጄ እፈልጋታለሁ እያለች ነው፣ ጉልበቷ ደግሞ ያማታል እባካችሁ ቶሎ በሉ።