ሊንክ በቁጥር ለሚከፍተው አንባቢም ይታሰብ

ለተከበረው የጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ጽሑፍ ብቻ በሚያሳየው ሊንክስ በተባለው ብራውዘር ዜና የሚያነቡ ሰዎች ዛሬም አሉ። ከእነዚህ መካከል በስክሪን ሪደር (ስክሪኑ ላይ ያለውን ጽሑፍ በድምፅ በሚያነብ ፕሮግራም) የሚሠሩ ዐይነ ስውራን ይገኙበታል፤ ፎቶና ማስታወቂያ የዳታ ጥቅላቸውን እንዳይጨርስባቸው የሚፈልጉም አሉ። ሊንክስ በ1992 እ.ኤ.አ. ከካንሳስ ዩኒቨርሲቲ የወጣ ቢሆንም እስካሁን ይሠራል፤ አንድሮይድ ስልክ ላይም ተርመክስ በተባለው፣ ትእዛዝ በጽሑፍ በሚሰጥበት መተግበሪያ በኩል ይጫናል። ለአማርኛ አንባቢ እንዲመች ግን መስተካከል ያለባቸው ነገሮች አሉ፤ ከፊሉ በአንባቢው፣ ከፊሉ በእናንተ እጅ ነው።

የታችና የላይ ቀስት ከሊንክ ወደ ሊንክ ያሻግራሉ፣ የቀኝ ቀስት ወይም ኢንተር ይከፍታል፣ የግራ ቀስት ወደ ቀድሞው ገጽ ይመልሳል። ይህ ለአጭር ገጽ ይበቃል። የዜና መግቢያ ገጽ ላይ ግን ከላይ የተደረደሩት ዓምዶች ሁሉ ሊንክ ስለሆኑ፣ ዋናው ዜና ጋ እስኪደረስ ቀስቱን ደጋግሞ መጫን ያሰለቻል።

መፍትሔው ሊንኮቹ ቁጥር እንዲኖራቸው ማድረግ ነው። የእንግሊዝኛውን ‹ኦ› ሲጫኑ የምርጫ ገጽ ይመጣል። «ኪፓድ ሞድ» የሚለው ላይ ወርደው ኢንተር ይጫኑና ለሊንኮች ቁጥር የሚሰጠውን አማራጭ ይምረጡ። እዚያው ገጽ ላይ የማሳያው ፊደል ዩቲኤፍ-8 (አማርኛን ጨምሮ የብዙ ቋንቋ ፊደላትን የሚያሳየው) መሆኑንም ይዩ፤ ካልሆነ አማርኛው ተዘበራርቆ ይወጣል። ከዚያ አናቱ ላይ ባለው ሳጥን ምርጫው ዲስክ ላይ እንዲቀመጥ ምልክት አድርገው «አክሰፕት ቼንጅስ» የሚለውን ይክፈቱ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው። ጨርሻለሁ ብሎ በግራ ቀስት የወጣ ሰው ያስተካከለው ሁሉ ይሰረዝበታል፤ ሳጥኑን የዘለለ ደግሞ ብራውዘሩን ዘግቶ ሲከፍት እንደገና ይጀምራል።

ከዚህ በኋላ 17 ጽፎ ኢንተር መጫን 17ኛውን ሊንክ ይከፍታል። 17 ብለው ‹ጂ› ከጨመሩበት ሳይከፈት እዚያው ሊንክ ላይ ያርፋል፤ ከመክፈቱ በፊት ዙሪያውን ማዳመጥ ለሚፈልግ የሚሻለው ይህ ነው። 3 ብለው ‹ፒ› ቢጨምሩ ወደተከፈተው ጽሑፍ 3ኛ ሙሉ ስክሪን ይሄዳል።

ቁጥር ለእኛ የሚመችበት ሌላም ምክንያት አለ። ኪቦርዱ አማርኛ ላይ ከቆየ ‹ጂ› ሲጫኑ ብራውዘሩ ጋ የሚደርሰው «ግ» ስለሆነ ትእዛዙን አያውቀውም፤ አሃዝ ግን አብዛኛውን ጊዜ እንዳለ ያልፋል። የተጫኑት ፊደል ስክሪኑ ላይ እየተጻፈ ከሆነ ደግሞ ጠቋሚው የፍለጋ ሳጥን ውስጥ ገብቷል ማለት ነው። በታብ ወይም በታች ቀስት ይወጣል።

ትንሹ ‹ኤል› የገጹን ሊንኮች በሙሉ በዝርዝር ያወጣል። የእናንተ ድርሻ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። በየዜናው ሥር ያለው ሊንክ «ተጨማሪ ያንብቡ» ብቻ ከሆነ ዝርዝሩ ያንኑ ሐረግ ከላይ እስከ ታች ይደግማል፤ የትኛው የፖለቲካ፣ የትኛው የስፖርት እንደሆነ ከፍቶ ካላዩት አይታወቅም። እባካችሁ የዜናውን ርዕስ ራሱን ሊንክ አድርጉት። ሊንክ የሆነ ፎቶ ሲኖር መግለጫ ይጻፍለት፤ ያለበለዚያ አንባቢው የሚያገኘው ትርጉም የለሽ የፋይል ስም ነው። ሊንክስ ጃቫስክሪፕት (በገጽ ውስጥ የሚሠራ የፕሮግራም ኮድ) ስለማያንቀሳቅስም ሊንኩ ትክክለኛ አድራሻ ይኑረው። ገጹ አናት ላይ በቀጥታ ወደ ዜናው የሚያሻግር አንድ ሊንክ ቢቀመጥ ደግሞ 1 እና ኢንተር መጫን ብቻ ይበቃል።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ አንባቢያችሁ