ሳቁ በሟቹ ላይ አይደለም

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ባለፈው እትማችሁ አንድ ጸሐፊ እ.ኤ.አ. በ2006 ለእይታ የበቃውን «ሊትል ሚስ ሰንሻይን» የተሰኘ የአሜሪካ ፊልም በሬሳ የሚሳለቅ፣ የቤተሰብንም ክብር የሚያዋርድ ነው ሲሉ የሰጡትን አስተያየት አንብቤ ዝም ማለት አልሆነልኝም።

ጸሐፊው ያነሡት ትዕይንት በእርግጥ አለ። ቤተሰቡ የሰባት ዓመቷን ኦሊቭን ከአልበከርኪ ከተማ እስከ ካሊፎርኒያ ድረስ ወደ ቁንጅና ውድድር ሲወስዳት አያቷ መንገድ ላይ፣ ባደሩበት ሞቴል፣ በሄሮይን ሰበብ ይሞታሉ፤ ሆስፒታሉ የሚሞላ ቅጽ ሲደረድርባቸው ጊዜ የጠበባቸው ቤተሰቦች አስከሬኑን በአንሶላ ጠቅልለው በመስኮት ያወጡና በቢጫዋ ፎልክስዋገን ይጭኑታል። እኔም ስቄያለሁ። የሣቅሁት ግን በሟቹ ሳይሆን፣ አባቱን አጥቶ ለማልቀስ እንኳ ፋታ ያላገኘው ልጃቸው በሚሠራው ሥራ ነው። ከዚያ በኋላ ፖሊስ መኪናዋን የሚፈትሽበት ክፍል በአጋጣሚ ላይ አብዝቶ የተንጠለጠለ በመሆኑ አልወደድሁትም።

አያትየው አፋቸው ያልተገራ፣ ከአረጋውያን መኖሪያ የተባረሩ ሰው ናቸው። ሆኖም በሞቱበት ሌሊት፣ እንዳትሸነፍ ፈርታ የምታለቅሰውን የልጅ ልጃቸውን አባብለው ያስተኙት እሳቸው ናቸው፤ አለን አርኪንም በዚህ ሚና ኦስካር ተሸልሟል።

ቤተሰቡ ተዋረደ ለሚለው ደግሞ አንድ ትዕይንት ላስታውስ። አብራሪ ለመሆን ተስሎ ዘጠኝ ወር አፉን የዘጋው የኦሊቭ ወንድም ድዌይን ቀለም መለየት እንደማይችል መኪናው ውስጥ ሲረዳ ከመንገዱ ወርዶ ይጮኻል፤ ቤተሰቡንም ይሰድባል። እናቱ ብትለምነው አይሰማም። ኦሊቭ ቁልቁለቱን ቀስ ብላ ትወርድና አጠገቡ ቁጢጥ ትላለች፤ ከዚያም አንዲት ቃል ሳትተነፍስ እጇን ትከሻው ላይ አሳርፋ ራሷን ታስጠጋለች። እሱም ተነሥቶ ወደ መኪናዋ ይመለሳል፤ ይቅርታም ይጠይቃል። ፍሪሲዮኗ የተበላሸው መኪና እንደሆነ ሁሉም ወርደው ካልገፏት አትነሣም።

በውድድሩ መድረክ ላይ ኦሊቭ የምታሳየውን ጭፈራ ያስተማሯት እኒያው አያቷ ነበሩ። ተመልካቹ ሲያጉረመርም፣ አዘጋጇም አውርዳት ስትለው፣ አባቷ መድረክ ላይ ወጥቶ አብሯት ይጨፍራል፤ ሌሎቹም ተከትለውት ይወጣሉ።

ከሰላምታ ጋር፣
አንድ አንባቢ