የላዳህ ዘመድ ደርሳለች

ይድረስ ለአባዬ፣ ለእማዬና ለሚጡ፣

ደረስኩ! ትናንት ማታ ሳንታ ሞኒካ ገባሁ። ደህና ነኝ። እማዬ፣ በልቻለሁም። ሚጡ፣ ይህን ጮክ ብለሽ አንብቢለት፤ አባዬ መነጽሩን ፍለጋ ከጀመረ ይመሻል።

አባዬ፣ «ስፖርት መኪና? ገንዘብ ተረፈህ እንዴ?» ብለህ ተቆጥተኸኝ ነበር። አልተረፈኝም። ወለሏ ዝጎ ስለነበር በርካሽ ነው ያገኘኋት። የ1977 ፊያት 124 ስፓይደር ናት፣ ጣሪያዋ የሚታጠፍ። ሩሲያዎቹ ላዳን የሠሩት ከፊያት 124 ተነስተው ነው፣ ስለዚህ ከላዳህ ጋር የሥጋ ዘመድ ናቸው። ኮፈኖዋን ስከፍት የኛ ግቢ ይሸተኛል። የላዳህ ካም፣ የሞተሩን ቫልቮች የሚከፍተው ዘንግ፣ በሰንሰለት ነው የሚዞረው፣ የሷ ግን በጎማ ቺንጋ። መንገድ ላይ እንዳይበጠስብኝ ሳልነሳ አስቀየርኩት።

የነዳሁት ሩት 66 የሚባለውን የአሜሪካ መንገድ ነው፣ ከቺካጎ ጀምሮ። በ1926 የተመሠረተ መንገድ ነው፤ በ1985 ከአገሪቱ አውራ ጎዳናዎች ዝርዝር ቢሰረዝም ሰው አሁንም ይነዳዋል። 3,940 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ከጅማ አዲስ አበባ አሥራ አንድ ጊዜ ብትነዳ ማለት ነው።

ኦክላሆማ ላይ ሞተሩ መቆራረጥ ጀመረ። ዕቃ መሸጫ ገብቼ «ካንዴላ» ስለው ሰውየው ዓይን ዓይኔን ያየኛል። ምን ላድርግ፣ ካንዴላ፣ ፍሪሲዮን፣ ፑንቲና፣ ካንተ የተማርኩት ሁሉ ጣልያንኛ ነው! መኪናዋ ትሰማኛለች፣ ሰውየው አይሰማኝም። ለካ ጥፋቱ ለካንዴላው ኤሌክትሪኩን የሚቆራርጠው የፑንቲናው ነው። በብርጭቆ ወረቀት ፍቄ፣ ክፍተቱን እንዳንተ በካርቶን ለክቼ ገጠምኩት። ተነሳች።

ከባዱ አሪዞና ነበር። ሲትግሪቭስ የሚባል ጠመዝማዛ አቀበት አለ፣ ጎኑ ገደል። ከፍታው 1,082 ሜትር ብቻ ነው፣ ከጅማ ያንሳል፤ ሙቀቱ ግን ጊቤ በረሃ በለው። የሙቀት መርፌው ወደ ቀዩ ሲጠጋ ጊቤ ላይ ያደረግከው ትዝ አለኝና የሞተሩን ሙቀት ወደ ውስጥ እንዲስብልኝ ሂተሩን እስከ መጨረሻው ከፈትኩት። እማዬ ያን ቀን በነጠላዋ እያራገበች «ሰውዬው ሊቀቅለን ነው!» ያለችው አልተጋነነም። እግሬ ሥር እሳት ይነፋል፣ ላቤ መሪው ላይ ይንጠባጠባል፣ ወደ ገደሉ ላለማየት ድንጋይ ድንጋዩን እያየሁ ነው የምነዳው፤ መርፌው ግን ቀስ እያለ ወረደ።

ቁልቁለቱን ስጨርስ ኦትማን የምትባል መንደር ውስጥ ማን ቢቀበለኝ ጥሩ ነው? አህያ! ድሮ የማዕድን ቆፋሪዎች ይጠቀሙባቸው የነበሩ አህዮች ዘር ናቸው አሉ። ክላክስ ባደርግ ንቅንቅ የለም፤ የጅማው የሄርማታ የሐሙስ ገበያ መሰለኝ። ጣሪያው ክፍት ስለነበር አንዷ አንገቷን አስግጋ ቆሎዬን አሸተተች። እማዬ፣ አንቺ የላክሽውን ነው። አልሰጠኋትም።

ትናንት ውቅያኖሱ ዳር አቆምኳት። ቁልፉን ነቅዬ እንኳን ትንሽ ተንገራግባ ነው የጠፋችው። ላዳህም እንዲህ ታደርግ አልነበር? ምን ነበር የምታስተካክለው? ሚጡ፣ እሁድ ስደውል አባዬ ላዳዋን ያስነሳትና ስልኩን ኮፈኖው ላይ አስቀምጪልኝ። ድምጿን ልስማት።

ልጃችሁ