ለአማካሪ አባላት፦ የምስጢር ወሰን መቼ ይነገር?

ውድ አባላት፣

የምስጢር ጥበቃ ወሰን፣ ማለትም ተገልጋዩ የነገራችሁን ለሌላ ሰው መንገር ግድ የሚሆንባችሁ ሁኔታ፣ የሚነገረው በመጀመሪያው ቀን፣ ተገልጋዩ ታሪኩን ከመጀመሩ በፊት ነው። ብዙ ጊዜ ነገሩ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው፤ ራሱን ሊያጠፋ እንዳሰበ ከነገራችሁ በኋላ «ይህን ለቤተሰብ መንገር አለብኝ» ብትሉት እንደ ክህደት ይቆጥረዋል፣ ተመልሶም ላይመጣ ይችላል። ይህ ወሰን የተጻፈበትን ቅጽ ማስፈረም ብቻውን ፈቃድ አይደለም። የገባውን በራሱ አነጋገር እንዲነግራችሁ ጠይቁት።

የካሊፎርኒያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1976 እ.ኤ.አ. ታራሶፍ በተባለው የክስ ጉዳይ፣ ተገልጋይ በሌላ ሰው ላይ ከባድ ጉዳት ሊያደርስ እንደሚችል ያወቀ ቴራፒስት (የሥነ ልቦና ሕክምና ባለሙያ) ያንን ሰው ለመጠበቅ ተገቢ ጥንቃቄ የማድረግ ግዴታ አለበት ሲል ወስኗል። ያ ግን የዚያ ግዛት ሕግ ነው፤ የምትሠሩበትን አገር ሕግ ለይታችሁ እወቁ። ምስጢር ማውጣት ግድ ሲሆን የሚያስፈልገውን ብቻ፣ ለሚመለከተው ብቻ ንገሩ። ቀኑን፣ ምክንያቱንና ያማከራችሁትን ባልደረባ መዝግቡ።

እናት ደውላ «ልጄ እየመጣ ነው?» ስትል «አዎ» ማለትም ምስጢር ማውጣት ነው (ልጁ ለአካለ መጠን የደረሰ ከሆነ)። ዕድር ላይ ወይም ቤተ ክርስቲያን ከምትገናኙት ተገልጋይ ጋር ደግሞ ሰላምታ መለዋወጥ አለመለዋወጣችሁን አስቀድማችሁ ተስማሙ፤ አይቶ እንዳላየ ማለፍ በእኛ ዘንድ ቅያሜ ነው።