የኮስቲክ ሶዳችሁ ሌብል ምን እያለ ነው?

ውድ ደንበኞቻችን፣

ለሳሙና ሥራ የሚውለውን ኬሚካል፣ ኮስቲክ ሶዳን፣ ከእኛ የምትወስዱ ሁሉ ይህን ደብዳቤ ጊዜ ወስዳችሁ እንድታነቡት እንለምናችኋለን። ከአዲሱ ጭነት ጀምሮ በ25 ኪሎው ጆንያ ላይ ያለውን የአደጋ ሌብል ወደ አማርኛ መልሰን በ1 ኪሎና በ5 ኪሎ እሽጎች ላይም እየለጠፍን ነው። ሌብሉን አይታችሁ ብዙ ጥያቄ አቅርባችሁልናል። እንድንጽፍ ያነሳሳን ግን ፈሳሽ ሳሙና የምታመርት አንዲት እህታችን የጠየቀችን ነው። «የራስ ቅል የለበትም፣ እሳትም የለበትም። ታዲያ ያን ያህል አያሰጋም ማለት ነው?» አለችን።

በጣም ያሰጋል። ጥያቄዋ ግን ተገቢ ነው። ምልክቶቹ በምን መለኪያ እንደሚሰጡ ያልተነገረው ሰው እንደዚያ ቢያስብ አይፈረድበትም።

በኬሚካል ጆንያና ጀሪካን ላይ የምታዩት ቀይ ጠርዝ ያለውና በጫፉ የቆመው አራት ማዕዘን ምልክት ከአንድ ዓለም አቀፍ ሥርዓት የመጣ ነው። በሙያው ያሉ ሰዎች ጂኤችኤስ ይሉታል። እ.ኤ.አ. በ1992 በሪዮ የተደረገው ጉባኤ እንዲዘጋጅ ጠየቀ፤ የተባበሩት መንግሥታት በ2003 የመጀመሪያውን እትም አወጣ። ከዚያ በፊት አንዱ አገር መርዝ ያለውን ሌላው ጎጂ ብቻ ይለው ነበር። ዕቃውን ከተለያየ አገር ለሚያስመጣ ነጋዴም ሆነ ለሚጠቀምበት ሰው ይህ ትልቅ ጣጣ ነበር።

ሥርዓቱ አደጋን በሦስት ይከፍላል። አንደኛው ከዕቃው ባሕርይ የሚመጣው ነው፤ መቀጣጠል፣ መፈንዳት፣ ብረት መብላትና የመሳሰለው። ሁለተኛው በሰው ጤና ላይ የሚደርሰው ነው። ሦስተኛው በአካባቢ ላይ የሚደርሰው ሲሆን እሱን ለጊዜው እንተወው። ዋናው ነገር እያንዳንዱ ዓይነት አደጋ ለብቻው መመዘኑ ነው። አንድ ኬሚካል በአንዱ ሚዛን ነጻ ወጥቶ በሌላው የመጨረሻውን ከባድ ደረጃ ሊያገኝ ይችላል። ኮስቲክ ሶዳ እንደዚያ ነው።

ኮስቲክ አይቀጣጠልም፤ ስለዚህ የእሳት ምልክት አልተሰጠውም። የራስ ቅሉ ደግሞ ሲዋጥ፣ በቆዳ ሲገባ ወይም ሲተነፈስ በትንሽ መጠን ለሚገድል መርዝ የተተወ ነው። ኮስቲክ የሚጎዳው በሌላ መንገድ ነው፤ የነካውን ቦታ ይበላል። ቢዋጥም ጉሮሮንና ጨጓራን እየበላ ነው የሚወርደው። ለዚህ የተሰጠው ምልክት ሌላ ነው።

ይህን ምልክት እስቲ ጠጋ ብላችሁ እዩት። ከላይ ሁለት የብርጭቆ ቱቦዎች ዘንበል ብለው ጠብታ ያፈሳሉ። አንዱ የሚያፈሰው በብረት ላይ ነው፤ ብረቱ ተቦርብሯል። ሌላው የሚያፈሰው በሰው እጅ ላይ ነው፤ እጁም ተቦርብሯል። በአንድ ሥዕል ውስጥ ሁለት የተለያዩ ፍርዶች አሉ። አንዱ የዕቃው ባሕርይ ነው፣ ሌላው የጤና ነው። ከሥዕሉ በላይ «አደገኛ» የሚል ቃል አለ። ሥርዓቱ የሚጠቀመው ሁለት ቃል ብቻ ነው፤ ለከባዱ «አደገኛ»፣ ለቀለል ያለው «ማስጠንቀቂያ»። ኮስቲክ ያገኘው ከባዱን ነው።

ከብረቱ እንጀምር። አንድ ኬሚካል «ብረት በላ» የሚባለው በ55 ዲግሪ ሙቀት በብረት ወይም በአሉሚኒየም ላይ ተፈትኖ በዓመት ከ6.25 ሚሊ ሜትር በላይ ከበላ ነው። በሌብሉ ላይ ኤች 290 ተብሎ የተጻፈው ይህ ነው። ኮስቲክ በተለይ በአሉሚኒየም ላይ አይምርም። በአሉሚኒየም ድስት ወይም ባልዲ ኮስቲክ የሚበጠብጥ ሰው አሁንም አለ። ድስቱ ውስጥ አረፋው ሲደፍቅ «እየሟሟ ነው» ብሎ ያልፈዋል። እየሟሟ ያለው ግን ድስቱ ነው። አረፋውም ሃይድሮጅን ጋዝ ነው። አይታይም፣ አይሸትም። ከአየር ጋር ከ4 እስከ 75 በመቶ ሲቀላቀል ትንሽ የእሳት ፍንጣሪ ይበቃዋል። ከላዩ ክዳን ከተደረገበትና አጠገቡ ምድጃ ካለ ውጤቱን ለመገመት አያስቸግርም። የእሳት ምልክት የሌለው ዕቃ በዚህ መንገድ እሳት ሊያስነሳ ይችላል። ሌብሉ ትንሽ ስለሆነ ይህን ሁሉ አይነግራችሁም። ዝርዝሩ ያለው ኤምኤስዲኤስ በምንለው ባለ16 ክፍል የመረጃ ወረቀት ውስጥ፣ ክፍል 10 ላይ ነው። ስለዚህ መበጥበጫችሁ ወፍራም ፕላስቲክ ወይም ስቴንለስ ይሁን።

አሁን ወደ እጁ እንምጣ። ቆዳን የሚበሉ ነገሮች በሦስት ንዑስ ደረጃ ይመደባሉ። ቆዳ ላይ እስከ 4 ሰዓት ቆይቶ የሚበላው የመጨረሻው ነው። እስከ 1 ሰዓት የሚፈጅበት መካከለኛው ነው። የመጀመሪያው፣ 1ኤ የሚባለው፣ በ3 ደቂቃ ወይም ከዚያ ባነሰ ጊዜ ውስጥ ቆዳውን ዘልቆ የሚገድለው ነው። ኮስቲክ ሶዳ 1ኤ ነው። ስልክ አንስታችሁ አጭር ወሬ እስክትጨርሱ ድረስ ማለት ነው።

ይባስ ብሎ እንደ አሲድ ወዲያው ላያቃጥል ይችላል። ጠብታው ሲነካችሁ መጀመሪያ የምትሰሙት ሙልጭልጭ ማለቱን ነው። ይህ የሚሆነው ኮስቲኩ የቆዳችሁን ስብ ወደ ሳሙና እየለወጠው ስለሆነ ነው፤ በበርሜል ውስጥ በዘይቱ ላይ የሚሠራውን ሥራ በእጃችሁ ላይ እየሠራ ነው። ሕመሙ ዘግይቶ ሲመጣ ጉዳቱ ገብቷል። ዓይን ላይ ደግሞ የባሰ ነው። አሲድ የነካውን ቦታ አድርቆ ራሱን በመጠኑ ያግዳል። ኮስቲክ ግን እያለሰለሰ ወደ ውስጥ ይዘልቃል። አንድ ጠብታ የዓይን ብርሃን ልትወስድ ትችላለች። መነጽር አድርጉ እያልን የምንጨቀጭቃችሁ ለዚህ ነው።

«እኛ እኮ አቅጥነን ነው የምንጠቀመው» የምትሉ ብዙ ናችሁ። ይህን በቁጥር ማየት ይሻላል፤ ምክንያቱም ምደባው ከመቶኛው ጋር ይለወጣል። በአውሮፓ ኅብረት ሕግ የተቀመጠው ወሰን ግልጽ ስለሆነ እሱን እንጠቀም። 5 በመቶና ከዚያ በላይ የሆነ የኮስቲክ ውህድ አሁንም 1ኤ ነው። ከ2 እስከ 5 በመቶ ያለው አንድ ደረጃ ይወርዳል፤ ነገር ግን ያው ሥዕል፣ ያው «አደገኛ»፣ ያው ኤች 314 ይለጠፍበታል። ኤች 314 ማለት ቆዳን ክፉኛ ያቃጥላል፣ ዓይንን ይጎዳል ማለት ነው። ከ0.5 እስከ 2 በመቶ ሲሆን ብቻ ነው ወደ «ማስጠንቀቂያ» እና ወደ ቃለ አጋኖው ምልክት የሚወርደው።

ወደ ሥራችሁ እናምጣው። 1 ኪሎ ኮስቲክ በ4 ሊትር ውሃ ብትበጠብጡ 20 በመቶ ነው። በ19 ሊትር ብትበጠብጡት 5 በመቶ ነው። 2 በመቶ ለማድረስ 49 ሊትር ውሃ ያስፈልጋችኋል። በ1 ሊትር ውሃ ውስጥ 21 ግራም ብቻ፣ የቡና ሲኒ ግማሽ እንኳ የማይሞላ ፍሌክ (ደረቁ ቅርፊት መሰል ኮስቲክ) ከገባበት፣ ያ ውሃ ዓይን ሊያጠፋ ይችላል። ሲያዩት ግን ተራ ውሃ ይመስላል። አይሸትም፣ ቀለም የለውም።

ስለ ሃይላንድ አጥብቀን የምንናገረው ለዚህ ነው። የበጠበጣችሁትን ኮስቲክ በውሃ ፕላስቲክ ከቀዳችሁ፣ ጆንያው ላይ የነበረው ማስጠንቀቂያ ሁሉ ጆንያው ላይ ቀረ። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ዕቃውን የመመደብና የማሳወቅ ኃላፊነት የእናንተ ነው። ቤታቸው ውስጥ ሳሙና የሚያመርቱ ደንበኞቻችን ልጆች አሏቸው። ልጅ ሲጠማው የውሃ ፕላስቲክ አንስቶ ይጠጣል እንጂ ምን እንዳለበት አይጠይቅም። ኮስቲክ የዋጠ ልጅ ቢተርፍ እንኳ ጉሮሮው ጠቦ ምግብ መዋጥ እስከማይችል ሊደርስ ይችላል። ደግሞም ኮስቲክ የውሃ ፕላስቲክን ራሱን ቀስ በቀስ ይበላል፤ ትኩስ ሲሆን ያጣምመዋል።

ትኩስ ያልነው ያለ ምክንያት አይደለም። ኮስቲክ ውሃ ሲያገኝ ይሞቃል። 1 ኪሎውን በ4 ሊትር ውሃ ባንዴ ብትጨምሩ የውሃው ሙቀት 60 ዲግሪ ገደማ ሊጨምር ይችላል። ውሃው 20 ዲግሪ ከነበረ 80 ደረሰ ማለት ነው። አዲስ አበባ ከፍ ያለ ቦታ ስለሆነች ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። ውሃውን ትንሽ ካሳነሳችሁት ወይም ሞቅ ያለ ውሃ ከተጠቀማችሁ ይፈላና ፊታችሁ ላይ ይረጫል። ሁልጊዜ ኮስቲኩን ወደ ውሃው ጨምሩ፤ ውሃውን ወደ ኮስቲኩ በፍጹም አታፍስሱ። ውሃው ቀዝቃዛ ይሁን፣ ፍሌኩን ጥቂት በጥቂት እየበተናችሁ አማስሉ፣ እስኪበርድም ጠብቁ።

ላብሳና በረኪና አብራችሁ ለምትወስዱ አንድ ነገር እንጨምር። ለፈሳሽ ሳሙና የሚውለው ላብሳ አሲድ ነው። እሱም የመብላት ምልክት አለው፤ በረኪናም በጆንያ ሳይሆን በጀሪካን ይምጣ እንጂ እዚያው ምድብ ውስጥ ነው። ምልክታቸው አንድ ስለሆነ ብቻ አንድ መደርደሪያ ላይ አታስቀምጧቸው። ላብሳ ከበረኪና ጋር ሲገናኝ ክሎሪን ጋዝ ይወጣል። ክሎሪን ሳንባ የሚያጠፋ ጋዝ ነው። የላብሳን አሲድነት በኮስቲክ ስትገድሉም ሙቀት አለ፤ እዚያም ቀስ ማለት ነው። ተመሳሳይ ምልክት ማለት ተስማሚ ማለት አይደለም።

ጆንያው ላይ ነጭና ጥቁር የሆነ ሌላ ምልክት አይታችሁ ይሆናል፤ ከሥሩ 8 ቁጥር አለው፣ አጠገቡም ዩኤን 1823 ይላል። እሱ ለጫኝና ለሾፌር ነው። የተበጠበጠው ኮስቲክ ሲጓጓዝ ቁጥሩ 1824 ይሆናል።

ሠራተኛ ቀጥራችሁ የምታሠሩ ደግሞ ጓንት፣ ዓይንን ዙሪያውን የሚሸፍን መነጽር፣ የላስቲክ ሽርጥና ቦቲ ማቅረብ ግዴታችሁ ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የመከላከያ ዕቃ የማቅረብንና ሠራተኛውን ስለ አደጋው የማስረዳትን ኃላፊነት በአሠሪው ላይ ጥሏል። የጨርቅ ጓንት ለዚህ አይሆንም፤ ኮስቲኩን መጥጦ ቆዳ ላይ ያቆየዋል።

አደጋ ከደረሰ መድኃኒቱ ውሃ ነው፣ ብዙ ውሃ። ደረቁ ፍሌክ ከሆነ መጀመሪያ አራግፉት፣ የነካውን ልብስ አውልቁ፣ ከዚያ በሚፈስ ውሃ እጠቡ። ዓይን ከሆነ የዓይኑን ቆብ ከፍታችሁ ይዛችሁ ቢያንስ ለ20 ደቂቃ ሳታቋርጡ አጥቡና ወደ ሐኪም ሂዱ። ሎሚ ወይም ኮምጣጤ አታፍስሱበት፤ ተጨማሪ ሙቀት ይፈጥራል፣ ጊዜም ያባክናል። የተዋጠ ከሆነ እንዲያስመልሰው አታድርጉ፤ ሲወርድ የበላውን ሲመለስ ደግሞ ይበላዋል። አፉን አስጉመጥምጡትና በፍጥነት ሐኪም ቤት አድርሱት። ሌብሉን ይዛችሁ ሂዱ፤ ሐኪሙ መጀመሪያ የሚጠይቃችሁ ምን እንደሆነና ስንት በመቶ እንደሆነ ነው።

ከዚህ በኋላ ኮስቲክም ሆነ በረኪና በውሃ ወይም በለስላሳ ፕላስቲክ አንቀዳም። ወፍራም ጀሪካን ከሌላችሁ በመግዣው ዋጋ እናቀርባለን። በአማርኛ የተዘጋጀውን የመረጃ ወረቀት ከሒሳብ ክፍል ያለ ክፍያ ውሰዱ። ለበጠበጣችሁት ውህድ ትርፍ ሌብል እንሰጣችኋለን፤ መቶኛውን የምትጽፉበት ባዶ ቦታ አለው። ስሌቱ ካስቸገራችሁ ስንት ኪሎ በስንት ሊትር እንደምትበጠብጡ ንገሩን፣ እኛ አስልተን እንጽፍላችኋለን።

ከአክብሮት ጋር፣
የድርጅቱ ሥራ አስኪያጅና የሽያጭ ክፍል ባልደረቦች