ከጉብኝቱ ሁለት ቀን ቀድሞ መግባት

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

ሰላም ለእናንተ ይሁን። ጎንደር የምኖር አስጎብኚ ነኝ፤ ሥራውን ከጀመርኩ 19 ዓመት አለፈኝ። ይህን ሁሉ ጊዜ እንግዳ ስቀበል ኖሬ ባለፈው መስከረም እኔ ራሴ እንግዳ ሆንኩ። ስዊዘርላንድ የምትኖረው ታናሽ እህቴ በአስጎብኚ በሚመራ የባቡር ጉዞ ላይ ከእሷ ጋር ቦታ ያዘችልኝ። ስለ በረዶው ብዙ ማውራት ይቻል ነበር፤ እኔ ግን ልጽፍላችሁ የፈለግሁት ጉዞው ከመጀመሩ በፊት ስላሳለፍኳቸው ሁለት ቀናት ነው።

«ወንድም ጋሼ፣ ሁለት ቀን ቀድመህ ግባ» ስትለኝ ተከራከርኳት። መስቀል አልፎ እንግዳ የሚጀምርበት ወቅት ስለሆነ ሁለቱ ቀን ዝም ብሎ የሚባክን መሰለኝ። እሷ ግን እምቢ አለች፣ ደግነቷ። ከጎንደር አዲስ አበባ፣ ከዚያ ሌሊቱን በሰማይ አድሬ ዙሪክ ስደርስ ሻንጣዬ አልመጣም። የመጣው በማግስቱ ማታ ነው። ጉዞው የዚያኑ ጠዋት ቢሆን ኖሮ 3,454 ሜትር ላይ ያለው የዩንግፍራውዮህ ጣቢያ በስስ ሸሚዝ ነበር የምወጣው።

ባቡሩ እዚያው አየር ማረፊያው ሥር ነው። ወደ ታች ትወርዳለህ፣ ትሳፈራለህ፣ በ10 ደቂቃ ገደማ ዋናው ጣቢያ ነህ። መግቢያው ላይ ትኬት የሚጠይቅህ የለም፤ ተቆጣጣሪው ውስጥ ነው የሚመጣው፣ ትኬት የሌለው ይቀጣል። ከተማው ውስጥ ደግሞ ከ1,200 በላይ የመንገድ ዳር የውኃ መቅጃዎች አሉ፣ ውኃቸው ይጠጣል። ውኃ በጀሪካን እያጠራቀምን ለምንኖር ለእኛ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም፤ በየደረስኩበት እየቆምኩ ጠጣሁ።

የመጀመሪያውን ቀን ከሰዓት በኋላ ጣቢያው ውስጥ ቁጭ ብዬ ሰዓቱን ሳይ ዋልኩ። ሐንስ ሂልፊከር የሚባል የባቡር መሐንዲስ በ1944 ያወጣው ንድፍ ነው (ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። ቀዩ የሰከንድ ቆጣሪ 12 ላይ ሲደርስ አንድ ሰከንድ ተኩል ያህል ይቆማል፣ የደቂቃው ቆጣሪ ዘለል ይላል፣ ከዚያ ቀዩ እንደገና ይነሳል። አገሩ በሙሉ ያሉት የባቡር ጣቢያዎች አብረው ነው የሚቆጥሩት። ከ1982 ጀምሮ ደግሞ ባቡሮቹ በየሰዓቱ በተመሳሳይ ደቂቃ ስለሚነሱ ሰዉ የመነሻ ሰዓት ሲጠይቅ አይታይም፣ በቃ ያውቀዋል።

በሁለተኛው ቀን እህቴን ፍራውንፌልድ ውሰጂኝ አልኳት። ከዙሪክ አንድ ሰዓት አይሞላም። አልፍሬድ ኢልግ በ1854 የተወለደው እዚያ ነው። በ1879 ምኒልክ ገና የሸዋ ንጉሥ ሳሉ መጥቶ መሐንዲሳቸው ሆነ፣ በ1894 የጅቡቲ–አዲስ አበባን ባቡር የመሥራት ፈቃድ ከእሳቸው ተቀበለ። ሐዲዱ አዲስ አበባ የደረሰው በ1917 ነው፤ ኢልግ ከአንድ ዓመት በፊት ዙሪክ ውስጥ አርፏል፣ ሲደርስ አላየውም። ሐውልት ፍለጋ አልሄድኩም። ከዚያ ከተማ የተነሳ ወጣት በዚያ ዘመን አንኮበር ድረስ እንዴት እንደመጣ እያሰብኩ በመንገዶቹ ላይ ሄድኩ። ጎንደር እስከ ዛሬ ባቡር አልገባም፤ ይህም ሲያሳዝነኝ ዋለ።

በሦስተኛው ቀን ቡድኑ ተሰበሰበ። ከአውሮፕላን ወርደው በቀጥታ የተቀላቀሉን ባልና ሚስት ነበሩ። ከኩር ከተማ ተነስተን የላንድቫሰርን ድልድይ ስናልፍ፣ ያ 65 ሜትር ከፍታ ያለው፣ ባቡሩን በቀጥታ ገደሉ ግድግዳ ውስጥ ወዳለው ዋሻ የሚያስገባው ድልድይ፣ ሁለቱም ተኝተው ነበር። አላዩትም። ያን ያህል መንገድ መጥተው!

እነሱን ሳይ የራሴ እንግዶች ትዝ አሉኝ። አዘዞ አውሮፕላኑ ሲያርፍ ሻንጣቸውን መኪናው ላይ እንደጫንን ፋሲል ግቢ፣ ከዚያ ደብረ ብርሃን ሥላሴ፣ ከዚያ ቁስቋም፣ ሁሉንም በአንድ ቀን። እኔም ለዓመታት እንዲህ አድርጌያለሁ። ዙሪክ ከባሕር ወለል በላይ 400 ሜትር ገደማ ነው፣ ጎንደር ከ2,100 በላይ። ከዝቅተኛ አገር የመጣው ሰውዬ ደረጃው ላይ ትንፋሽ ሲያጥረው «አይዞህ» እያልን እንገፋዋለን። «በ2 ሰዓት እንገናኝ» እንለዋለን፣ እሱ ከሰዓት በኋላ ይመስለዋል፤ እኛ ጠዋት ሆቴሉ በር ላይ ቆመን እንቀራለን።

ባልንጀሮቼ አስጎብኚዎች፣ የሆቴል ባለቤቶችም፣ የመጀመሪያውን ቀን ለእንግዳው ተዉለት። ይተኛ፣ ፒያሳ ወጥቶ ቡና ይጠጣ፣ ሰው ይይ። አዳር ሲይዝም የእኛን ሰዓት አቆጣጠር በአንድ ወረቀት ጽፋችሁ ስጡት። ለጥምቀት የሚመጡትን ደግሞ፣ ከውጭ የሚመጡ ወገኖቻችንን ጨምሮ፣ ጥር 10 ከተራ ዕለት ጠዋት አታስገቧቸው፤ ጥር 8 ይግቡ። እናንተም ይህን ከበዓሉ በፊት ብታወጡልኝ ደስ ይለኛል።

አክባሪያችሁ፣
ከጎንደር